የትንንሽ ጄቶች አወዳደቅ፦ በጅማ ሰማይ ሥር የተደረገ ዳሰሳ

ሰው ያለ ክንፍ ተፈጥሮ ሳለ ለመብረር የተመኘበት ዘመን እጅግ ረጅም ነው፤ መብረር ከቻለ ወዲህ ግን የመውደቅ ነገር ከመብረር ነገር ተለይቶ የታየበት ጊዜ የለም። ይህ ዳሰሳ የሚመለከተው ሰው የሚሳፈርባቸውን ታላላቅ አውሮፕላኖች ሳይሆን፣ አብራሪያቸው በምድር ቆሞ በእጁ በያዘው መሣሪያ በሬዲዮ ሞገድ የሚያዝዛቸውን፣ ከክንፍ ጫፍ እስከ ክንፍ ጫፍ ሁለት ሜትር ያህል የሚለኩትን ትንንሽ ጄቶች ነው፤ የሚመረምረውም የአበራረራቸውን ውበት ሳይሆን የአወዳደቃቸውን ምክንያትና የዕቃዎቻቸውን ብልሽት ነው። ጅማና በዙሪያዋ ያሉት የቡና ከተሞች፣ አጋሮ፣ ሊሙ ገነት፣ ሰቃ ጨቆርሳና ሸቤ ለዚህ ነገር መመልከቻ ሆነው የተመረጡት እንዲያው አይደለም፤ የምድሩ ከፍታ፣ የዝናቡ ብዛት፣ የዛፉ ጥቅጥቅታና የሜዳው ጥበት በአንድነት ስለ ተገናኙባቸው፣ በሌላ ስፍራ ተበታትነው የሚገኙት የመውደቅ ምክንያቶች በዚህ ተሰብስበው ይታያሉና።

እርግጥ ነው፣ ተርባይን የተገጠመለት ሞዴል ጄት በአገራችን ገና ብርቅ ነው፤ ሞተሩ ብቻውን እጅግ ውድ ስለ ሆነ፣ ለብዙ ወጣት ከምኞት አያልፍም። ይሁን እንጂ የቴክኒክ ትምህርት የሚማሩ ወጣቶች ፎምና ቀላል እንጨት እየቆረጡ በባትሪ የሚበሩ አውሮፕላኖችን ሲሠሩ፣ በሠርግና በበዓል ቀንም ካሜራ የተሸከመ ድሮን ከሰው ራስ በላይ ሲያንዣብብ ማየት የተለመደ ነገር ሆኗል። እነዚህ የሚወድቁባቸው ምክንያቶች፣ የነዳጁና የተርባይኑ ነገር ካልሆነ በቀር፣ ከጄቱ ምክንያቶች በዓይነት አይለዩም፤ ጄቱ በፍጥነቱና በሙቀቱ እያንዳንዱን ጉድለት አጉልቶ ያሳያል እንጂ አዲስ ጉድለት አይፈጥርም።

የነገሩን ጥንት እንመልከት። ማሽንን ያለ ሽቦ ከሩቅ የማዘዝ ጥበብ ለሕዝብ የታየው እ.ኤ.አ. በ1898 ኒኮላ ቴስላ በኒውዮርክ ከተማ አንዲት ትንሽ ጀልባ በሬዲዮ ሞገድ እየመራ ባሳየ ጊዜ ነው። እ.ኤ.አ. በ1937 ዋልተርና ዊልያም ጉድ የተባሉ አሜሪካውያን መንትያ ወንድማማች «ጋፍ» ብለው የሰየሙትን ሞዴል አውሮፕላን በሬዲዮ እያዘዙ አበረሩ። የጄት ሞተር ወደዚህ ትንሽ አካል የገባው ግን ዘግይቶ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1983 በእንግሊዝ አገር ጄሪ ጃክማን ተርባይን የተገጠመለት ሞዴል ካበረረ በኋላ፣ ኩርት ሽሬክሊንግ የተባለ ጀርመናዊ አየር የሚያምቀውን መዘውር ከስስ እንጨት ሠርቶ፣ በቤት መሣሪያ ሊበጅ የሚችል ትንሽ ተርባይን አወጣ፤ አሠራሩንም ሳይሠስት በመጽሐፍ ገለጠ። ከዚያ ወዲህ ጥበቡ ከመፍጠኑ የተነሣ እ.ኤ.አ. በ2017 በጀርመን አገር አንድ ሞዴል ጄት በሰዓት 749 ኪሎ ሜትር በርሮ የዓለምን ክብረ ወሰን ያዘ።

በአገራችን ደግሞ የመጀመሪያው አውሮፕላን፣ ፖቴዝ 25 የተባለው፣ አዲስ አበባ የደረሰው ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም ነበር። የኢትዮጵያ አየር መንገድ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም የመጀመሪያውን በረራ ወደ ካይሮ ካደረገ በኋላ፣ ዳኮታ የሚባሉት ባለ ሁለት ሞተር አውሮፕላኖች፣ ጥሩ መንገድ ባልበዛበት በዚያ ዘመን፣ ጅማንና የደቡብ ምዕራቡን ከተሞች በአየር አገናኙ። ስለዚህ የጅማ ሕዝብ ከሰማይ የሚመጣ ድምፅ እንግዳው አይደለም፤ አውሮፕላን ማለት የሚበር ብቻ ሳይሆን የሚወድቅም መሆኑን ቀደም ብሎ ያወቀ ሕዝብ ነው።

አንድ ሞዴል በወደቀ ጊዜ በሜዳው ዳር የሚሰማው ክርክር ብዙውን ጊዜ በሦስት ይከፈላል። አብራሪው «ሬዲዮው ከዳኝ» ይላል፤ ዕቃውን የሸጠው «ዕቃው ደኅና ነው፣ እጅህ ነው» ይላል፤ ቆሞ ያየው ደግሞ «ነፋሱ ነው፣ ስፍራው ነው» ብሎ ሁለቱን ሊያስታርቅ ይሞክራል። ሦስቱም ከእውነት ድርሻ አላቸው፤ ነገር ግን እያንዳንዱ የሚናገረው ከራሱ ላይ ነቀፌታን ለማራቅ ስለ ሆነ፣ ከክርክሩ ትምህርት አይወጣም። እኛ ግን የማንንም ጠበቃ ሳንሆን ምክንያቶቹን በየወገናቸው እንመርምር።

ከሁሉ አስቀድሞ የአየሩና የስፍራው ነገር ይነሣል። ጅማ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,700 ሜትር ከፍ ብላ የምትገኝ ስለ ሆነች፣ የቀኑ ሙቀት 25 ዲግሪ በደረሰ ጊዜ በአንድ ክንድ ስፋት ውስጥ የሚገኘው አየር በባሕር ጠረፍ ካለው መደበኛ አየር ይልቅ በክብደቱ አንድ አምስተኛ ያህል ይቀላል። ከዚህ የሚከተለው ነገር ሁለት ነው። አንደኛ፣ የቀለለ አየር ክንፍን የሚሸከመው ክንፉ ፈጥኖ ሲሄድበት ስለ ሆነ፣ በባሕር ጠረፍ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ሲሮጥ ከምድር የሚነሣ ጄት በጅማ 90 ኪሎ ሜትር ሊሮጥ ግድ ይሆንበታል። ሁለተኛ፣ ሞተሩም የሚበላው አየር ስለ ሳሳ ኀይሉ በዚያው መጠን ይቀንሳል። ብዙ ፍጥነት የሚፈለግበት ጄት ጥቂት ኀይል ሲሰጠው፣ የመንደርደሪያው ርዝመት ከአንድ ተኩል እጥፍ በላይ ይሆናል፤ በባሕር ጠረፍ 100 ሜትር የበቃው በጅማ 160 ሜትር ያህል ይጠይቃል።

በዚህ ውስጥ ልምድ ያለውን አብራሪ ሳይቀር የሚያስት ወጥመድ አለ። አብራሪው በምድር ቆሞ ፍጥነትን የሚገምተው በዓይኑ ነው፤ ዓይኑም የሚያየው ጄቱ በምድር ላይ ያለፈበትን ፍጥነት እንጂ ክንፉ በአየሩ ውስጥ ያገኘውን ድጋፍ አይደለም። ስለዚህ በቆላ አገር የተማረ ሰው በጅማ ሜዳ ጄቱን ሊያሳርፍ ሲመጣ «እጅግ ፈጠነብኝ» ብሎ ኀይሉን ይቀንሳል፤ ክንፉም በዚያ በሳሳው አየር የሚሸከመውን ያህል ስላላገኘ በድንገት አየሩን ይለቅቃል፤ ጄቱም አንዱን ጎን ጥሎ ከሜዳው አፋፍ ላይ ይወድቃል። ከዚያ በኋላ አብራሪው ሬዲዮውን፣ ሻጩ እጁን ይከሳሉ፤ ምክንያቱ ግን በመካከላቸው የማይታይ ሆኖ የቆመው የአየሩ ቅለት ነበረ።

ሌላው የስፍራው ጠባይ የዛፍና የተራራ መብዛት ነው። በጎማ ወረዳና በሊሙ በኩል ቡናው የሚበቅለው በዋንዛ፣ በብሳናና በሰሳ ጥላ ሥር ስለ ሆነ፣ ሞተሩ የጠፋበት ጄት የሚያርፍበት ገላጣ ቦታ ፈልጎ አያገኝም፤ በቅርንጫፍ መካከል ከገባም ፍለጋው ቀን ይፈጃል። ገላጣ ሆኖ የሚገኘው መሬት ደግሞ ከብት የሚሰማራበት፣ ልጆች ኳስ የሚጫወቱበት፣ ወይም በለቀማው ወራት የቡና ማድረቂያ አልጋ የተዘረጋበት ነው። የተራራው ነገር ምን ያህል እንደሚያስፈራ ታላላቆቹ አውሮፕላኖች አስቀድመው አሳይተውናል፤ ሐምሌ 8 ቀን 1952 ዓ.ም ከቡልቂ ወደ ጅማ ይበር የነበረ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ዳኮታ በጅማ አቅራቢያ ከተራራ ጋር ተጋጭቶ፣ ከ11 ተሳፋሪዎችና ሠራተኞች አንድ ሰው ሞቷል። ወሩ ሐምሌ መሆኑን ልብ ይሏል፤ በጅማ ሰማይ ደመና ዝቅ ብሎ ኮረብታውን የሚሸፍንበት ወር ነውና።

ወፎችንም መርሳት አይገባም። ጥንብ አንሳና ጭልፊት ከቀትር በኋላ በሚነሣው ሞቃት አየር ላይ እየተንሳፈፉ ሲዞሩ፣ ሞዴሉም በዚያው ከፍታ ይዞራል። መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም ከባሕር ዳር የተነሣው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 በሁለቱም ሞተሮቹ ርግቦች ገብተውበት ተመልሶ ለማረፍ ሲሞክር ሞተሮቹ ጠፍተው በሜዳ ላይ ወድቋል፤ ከ104 ሰዎችም 35 ሞተዋል። ባሕር ዳር በከፍታዋ ከጅማ ጋር ተቀራራቢ ናት፤ በሳሳ አየር ውስጥ ኀይል ያጣ ሞተር ምን ያህል ጊዜ እንደማይሰጥ ያ ቀን መስክሯል። ለሰው ተሳፋሪ የተሠራ ሞተር ይህን ካልቻለ፣ አፉ ከሻይ ብርጭቆ እምብዛም የማይሰፋ ተርባይን አንዲት ጠጠር ወይም የደረቀ የሣር ስንጥር ብትገባበት መሰበሩ አያስደንቅም። ጄቱ ከጠጠራማ መሬት እየተንደረደረ ሲነሣ፣ የፊት ጎማው የሚረጨው አሸዋ ወደ አየር መሳቢያው የመግባቱ ነገር ከወፍ ይልቅ ብዙ ጊዜ የሚደርስ ጠላት ነው።

ከስፍራው ወደ ሞተሩ እንሻገር። 10 ኪሎ ግራም ያህል የመግፋት ኀይል ያለው ትንሽ ተርባይን በደቂቃ ከ150,000 ጊዜ በላይ ይሽከረከራል፤ በጅራቱ የሚወጣው ጋዝ ከ600 ዲግሪ በላይ ይሞቃል። የሚጠጣው እኛ በምድጃ የምናነደው ላምባ ወይም የአውሮፕላን ነዳጅ ሲሆን፣ አምስት በመቶ ያህል ዘይት ይቀላቀልበታል፤ መዘውሩን የተሸከሙት ኩሽኔታዎች ሌላ የሚቀባቸው ነገር የላቸውምና። ስለዚህ ዘይቱን የረሳ ሰው ሞተሩን ባስነሣበት ቅጽበት ማጥፋት ጀምሯል። በጀሪካን ከሱቅ የተቀዳ ላምባም ውኃና ቆሻሻ አይጠፋውም፤ ማጥሪያው በተዘጋ ጊዜ ሞተሩ የሚራበው በምድር ሳለ ሳይሆን ኀይል በሚፈለግበት ጊዜ በአየር ላይ ነው።

በሞተር በኩል ግን ከሁሉ የሚበዛው ምክንያት የአየር አረፋ ነው። የነዳጁ ቱቦ በመገጣጠሚያው ጥቂት ከላላ፣ ወይም በጋኑ ውስጥ ያለው መምጠጫ ከነዳጁ ወጥቶ አየር ከሳበ፣ አረፋው በፓምፑ በኩል አልፎ ወደ እሳቱ ይደርሳል፤ እሳቱም ለአንድ ዓይን ጥቅሻ ምግብ ሲያጣ ይጠፋል። የጠፋ ተርባይን በአየር ላይ እንደገና መነሣቱ የማያስተማምን ስለ ሆነ፣ ከባድና ጠባብ ክንፍ ያለው ጄት የቀረው ዕድል ሳይዘገይ ወደ ሜዳው መመለስ ብቻ ነው። ስለዚህ ነው ብልሃተኞቹ በዋናው ጋንና በፓምፑ መካከል አረፋ የሚይዝ ትንሽ ጋን የሚያስገቡት፤ በየበረራውም ፊት ቱቦዎቹን በዓይናቸውም በጣታቸውም የሚመረምሩት።

የነዳጅ ማለቅ ደግሞ ለየት ያለ ነገር ነው፤ ብልሽት ሳይሆን የሰዓት አለመቁጠር ነውና። ሞዴል ጄት በአንድ ሙሌት የሚበረው ከ10 ደቂቃ እምብዛም አያልፍም፤ አብራሪው ግን በደስታ ተመስጦ ሳለ ደቂቃ ይረሳል። ነዳጅ ሲያልቅ ምን እንደሚሆን ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም በታላቅ ኀዘን ታይቷል፤ ጠላፊዎች አስገድደው የወሰዱት የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 767 አብራሪ፣ ካፒቴን ልዑል አባተ፣ ነዳጁ እንደሚያልቅ ደጋግሞ ቢያስረዳቸውም አልሰሙትም፤ በመጨረሻ አውሮፕላኑ በኮሞሮስ ደሴቶች አጠገብ በባሕር ላይ ወርዶ፣ ከ175 ሰዎች 125 ሞቱ፣ 50 ዳኑ። ያ በክፉዎች ግፍ የሆነ ነው፤ የሞዴል አብራሪ ግን ማንም ሳያስገድደው በገዛ ቸልታው ወደዚያው መጨረሻ ይደርሳልና፣ ሰዓት ቆጣሪ ሳያስነሣ ጄት ማስነሣት የለበትም።

አሁን ደግሞ «ሬዲዮው ከዳኝ» የሚለውን ክስ እንመርምር። ቀድሞ ሞዴሎች ጠባብ በሆነ ቋሚ ሞገድ ይታዘዙ በነበረ ጊዜ፣ ከጎን የቆመ ሰው በዚያው ሞገድ መሣሪያውን ቢከፍት ያንዱ ትእዛዝ የሌላውን አውሮፕላን ይጥለው ነበር፤ ክሱም በዚያ ዘመን እውነት ነበረው። ዛሬ ግን መሣሪያዎቹ በ2.4 ጊጋ ኸርዝ ላይ ሞገዱን እየለዋወጡ፣ የራሳቸውን ምልክት ብቻ ለይተው ስለሚሰሙ፣ እንደዚህ ያለው መደናገር እጅግ ቀንሷል። በዚህ ዘመን ሬዲዮ ጠፋ የሚባለው ብዙውን ጊዜ ሬዲዮው ሳይጠፋ መብራቱ ሲጠፋ ነው። ጄቱ በፍጥነት ሲታጠፍ የክንፉንና የጅራቱን ገበታዎች የሚያንቀሳቅሱት ሰርቮዎች ሁሉም ባንድነት ኤሌክትሪክ ይስባሉ፤ ባትሪው ደካማ ከሆነ፣ ወይም ሶኬቱ ከላላ፣ የኤሌክትሪኩ ግፊት ለቅጽበት ይወርዳል፤ በጄቱ ውስጥ ሆኖ ትእዛዙን የሚቀበለው ሪሲቨርም ይጠፋና እንደገና ይነሣል። ለመነሣት ሁለት ሰከንድ ብቻ ቢወስድበት እንኳ ጄቱ በዚያች ጊዜ ከ150 ሜትር በላይ ያለ ጌታ ሄዷል።

በቡና ከተሞች ይህ ጉዳይ ተጨማሪ መልክ አለው። መብራት ሲሄድና ሲመጣ ቻርጀሩ ሥራውን በመካከል ይተዋል፤ አብራሪው ግን ሌሊቱን ሙሉ ሶኬት ላይ ያደረች ባትሪ ሞልታለች ብሎ ይተማመናል፤ ሲለካት ግን ግማሽ ሆና ይገኛል። ባትሪ በመለኪያ እንጂ በእምነት እንደማይሞላ አስቀድሞ ማወቅ ይገባል። የሚያብጥ ሊትየም ባትሪም ሊነድድ ስለሚችል፣ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ከጆንያ ቡና አጠገብ ሲሞላ ማደሩ የአንድን ቤተ ሰብ ሀብት ማስያዝ ነው።

ሌላም ነገር አለ፤ ሬዲዮው በእርግጥ በጠፋ ጊዜ ሪሲቨሩ ምን እንዲያደርግ አስቀድሞ ሊታዘዝ ይችላል። ብዙ ሰው ይህን ትእዛዝ ሳያስተካክል ስለሚያበርር፣ ጄቱ የመጨረሻውን ትእዛዝ ይዞ በሙሉ ኀይሉ ወደማይታወቅበት ይሄዳል። ተገቢው ሥርዐት ሞገድ ሲቋረጥ ሞተሩ እንዲጠፋ ማድረግ ነው፤ ጄቱ ሊሰበር ይችላል፤ ነገር ግን በነዳጅና በእሳት ተሞልቶ ወደ ሰፈር አይሄድም።

በዘመናችን የሞዴሎችን ሚዛን የሚጠብቅ ጋይሮ የሚባል ትንሽ መሣሪያ ተጨምሯል፤ ነፋስ ሲያጋድላቸው አብራሪው ሳያዝዝ ያቃናቸዋል። ይህ መሣሪያ ተገልብጦ ከተገጠመ፣ ወይም ትእዛዙ ወደ ተቃራኒ ከዞረ፣ ማጋደልን ሊያቃና ሲገባው ያባብሳል፤ አብራሪውም ከገዛ መሣሪያው ጋር እየታገለ ይወድቃል። ትንሹን ከታላቁ ጋር ማነጻጸር የሟቾችን ክብር መዳፈር አይሁንብን እንጂ፣ መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ከ6 ደቂቃ በኋላ በቢሾፍቱ አቅራቢያ በወደቀውና 157 ሰዎች ባለቁበት በቦይንግ 737 ማክስ ላይ የሆነውም በመሠረቱ ይህንኑ ይመስላል፤ የአፍንጫውን አቅጣጫ የሚለካው መሣሪያ ሐሰት ስለ ነገረው፣ ራሱን የሚያዝዘው ሥርዐት አፍንጫውን ደጋግሞ ወደ ምድር ገፋው፤ አብራሪዎቹ ሊያቃኑት ቢታገሉም አልቻሉም። ስለዚህ ረዳት ማሽን ሳይመረመር ሲታመን ጠላት ይሆናል፤ ጋይሮ የገጠመ ሰው ከመነሣቱ በፊት ጄቱን በእጁ ይዞ እያጋደለ፣ ገበታዎቹ ወደ ተገቢው ወገን መንቀሳቀሳቸውን በዓይኑ ሳያረጋግጥ ማብረር የለበትም።

ስለ አካሉ ነገር ረጅም ሐተታ አያስፈልግም። እጅግ ሲፈጥን የላላ ገበታ ይንቀጠቀጣል፤ መንቀጥቀጡም በሰከንድ ክፍልፋይ ጅራትን ይገነጥላል። እንጨት በጅማ ረጅም ክረምት እርጥበት ይጠጣል፤ ሙጫ በፀሐይ ይላላል፤ ነዳጁ ሲያልቅ የክብደቱ መካከል ይዛወራል። ከሁሉ አዘውትሮ የሚሰበረው ግን ሣር ባለበት መሬት ትንንሽ ጎማዎቹን የሚያስይዘው እግሩ ነው፤ ይህም ጄቱን አያጠፋም፤ ኪስን ብቻ ይጎዳል። በአገራችን በገዛ እጁ ሰው የሚሳፈርበትን አውሮፕላን ለመሥራት የደፈረው አስመላሽ ዘፈሩም፣ ኬ-570ኤ ያላትን አውሮፕላኑን በ2007 ዓ.ም ሊያስነሣ ሲሞክር ፕሮፔለሯ ተሰብሮበት አልተነሣችለትም። ይህ ሊያሳፍረው የሚገባ አልነበረም፤ ብልሽት በምድር ላይ መታየቱ በአየር ላይ ከመታየት የሚሻል በረከት ነውና።

የቀረን የሰው እጅ ነው። በሰዓት 320 ኪሎ ሜትር የሚበር ጄት በአንድ ሰከንድ 89 ሜትር ይሄዳል፤ አምስት ሰከንድ ዓይኑን የነቀለ አብራሪ ጄቱን የሚያገኘው እንደ ነጥብ ሆኖ ነው፤ ወደ እርሱ እየመጣ ይሁን ከእርሱ እየራቀ መለየት ይሳነዋል። ጄቱ ፊቱን ወደ አብራሪው ባዞረ ጊዜ ግራና ቀኝ ስለሚገለባበጡ፣ የተደናገጠ እጅ ሊያቃና ሲል ያጋድላል። ተርባይኑ ከዝቅተኛ ወደ ሙሉ ኀይል ለመድረስ ጥቂት ሰከንዶች ስለሚያስፈልጉት ደግሞ፣ ዘግይቶ የተሰጠ ትእዛዝ ዘግይቶ ይፈጸማል፤ ጄት የሚያበርር ሰው ለሚመጣው እንጂ ለሆነው ትእዛዝ አይሰጥም።

ከእጅ ድካም ይልቅ የሚከፋው ግን የልብ መታበይ ነው። ሕዝብ ሲሰበሰብና ጭብጨባ ሲሰማ፣ ጄቱን ዝቅ አድርጎ በተመልካች ፊት ማሳለፍ የሚያጓጓ ነገር ነው። በአገራችን ይህን ዓይነት መውደቅ ከጥንቱ እናውቀዋለን፤ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም ለሚውለው የንግሥ በዓል ዝግጅት ሲደረግ፣ ሁበርት ጁልያን የተባለው አብራሪ የንጉሠ ነገሥቱን ጂፕሲ ሞዝ አውሮፕላን ሊያሳይባት አንሥቶ ከዛፍ ላይ ጥሏታል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደ ተባለ፣ በጭብጨባ መካከል የተጀመረ በረራ ብዙውን ጊዜ ምርመራው ሳይፈጸም የተጀመረ በረራ ነው።

እንግዲህ ከሦስቱ ክሶች የትኛው እውነት ሆኖ ተገኘ ቢባል፣ መልሱ ሦስቱም በአንድ ሰንሰለት ውስጥ ያሉ ቀለበቶች ናቸው የሚል ነው። በሳሳ አየር ውስጥ ፍጥነቱን ያጣ ጄት፣ የተዳከመ ባትሪ ኖሮት፣ አብራሪው በደነገጠ ጊዜ ይወድቃል፤ ከሦስቱ አንዱ ቢጎድል ኖሮ ምናልባት ጎማውን ሰብሮ ብቻ ያርፍ ነበር። ጥፋተኛ መፈለግ ሰንሰለቱን በአንድ ቀለበት ይቆርጠዋልና፣ የቀሩትን ሁለቱን ለሚቀጥለው በረራ ያስቀራቸዋል።

ታላቁ አቪዬሽን ይህን በብዙ ደም ተምሮታል። ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1951 ባወጣው 13ኛ አባሪ መሠረት፣ የአደጋ ምርመራ ዓላማ ሌላ አደጋን መከላከል እንጂ በጥፋተኛ ላይ መፍረድ አይደለም። በሞዴል በረራም ይህ የማይቻል አይደለም፤ የዘመኑ ተርባይን መቆጣጠሪያ ሞተሩ ባለፈው በምን ምክንያት እንደ ጠፋ በትዝታው ይይዛል፤ አንዳንዱ ሬዲዮም የባትሪውን ግፊት በየሰከንዱ ይጽፋል። ምስክሩ አለ፤ የሚጠይቀው ግን የለም። ሰው ስብርባሪውን ሰብስቦ ወደ ቤቱ ሲሄድ ምክንያቱንም አብሮ ይቀብረዋል።

ስለ ሕጉም ጥቂት መባል አለበት። በአገራችን ድሮንና በሬዲዮ የሚታዘዙ በራሪዎችን ያለ ፈቃድ ማስገባትና ማብረር የተከለከለ ነው፤ ፈቃዱም ከኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደርና ከሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ይጠየቃል። በጅማ አውሮፕላን ማረፊያ አቅራቢያ ማብረር ፈጽሞ የማይገባ መሆኑን ማስረዳት አያስፈልግም፤ የሚወርደው አውሮፕላን ሰው ተሳፍሮበታልና። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1936 የተመሠረተው የሞዴል በራሪዎች ማኅበር ተርባይን ለሚያበርር ሰው ልዩ ፈቃድ፣ የፍጥነት ወሰንና የእሳት ማጥፊያ በሜዳው መኖሩን ያዛል፤ በጥርና በየካቲት ሣር በሚደርቅበት በቡና አገር የእሳት ማጥፊያው ነገር ከሁሉ የሚቀድም ነው። በአንድ ጄት ምክንያት የተነሣ እሳት የሚያቃጥለው የባለ ጄቱን ገንዘብ ሳይሆን የጎረቤቱን ቡና ነው፤ የቡና ዛፍ ደግሞ ተተክሎ ፍሬ እስኪሰጥ ሦስትና አራት ዓመት ይፈጃል።

በመጨረሻ የዚህ ዳሰሳ ፍርድ ይህ ነው፦ ትንንሽ ጄቶች የሚወድቁት በድንገተኛ ክፉ ዕድል ሳይሆን፣ በሚታወቁና ሊጻፉ በሚችሉ ምክንያቶች ነው፤ ምክንያቶቹን ያወቀ ሰው ብዙዎቹን ሳይነሣ በምድር ላይ ያገኛቸዋል። ስለዚህ የጅማ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት መምህራንና ተማሪዎች፣ በአጋሮና በሌሎቹ ከተሞች ያሉ የቴክኒክ ተማሪዎችም፣ ከውድ ሞተር በፊት አንድ ርካሽ ደብተር ይግዙ። በደብተሩም የእያንዳንዱን መውደቅ ቀን፣ ስፍራ፣ የአየሩን ሙቀት፣ የባትሪውን ግፊት፣ የነዳጁን መጠን፣ ሞተሩ የጠፋበትን ምክንያትና አብራሪው በመጨረሻ ያዘዘውን ይጻፉበት፤ የአብራሪውን ስም ግን ይተውት። በዚህ ዓይነት የተጻፈ መዝገብ ለአሥር ዓመት ከተጠበቀ፣ ስለ ከፍተኛ ምድር በረራ ከየትኛውም የውጭ አገር መጽሐፍ ይልቅ ለጅማ ሰማይ የሚስማማ ትምህርት ይሆናል፤ የመጀመሪያውንም መስመር ለመጻፍ ከደብተርና ከብዕር በቀር የሚያስፈልግ ነገር የለም።